የጋደሞታ ባልጩት ምን ይመሰክራል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርታችን በእግራችሁ ሥር ስላለ ነገር ነው።

ዝናም ዘንቦ ካባራ በኋላ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በወሰደበት ቦረቦር ዳር ወይም ማረሻ በገለበጠው ማሳ መካከል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙም የነካውን እጅ የሚቈርጥ ጥቁር ድንጋይ ያላየ የዝዋይ አካባቢ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባልጩት የምንለው ይህ ድንጋይ፣ ከእሳተ ገሞራ ፈልቆ የወጣው የቀለጠ ዐለት በውስጡ የማዕድን ቅንጣት (ክሪስታል) ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ፈጥኖ በመቀዝቀዙ ብርጭቆ ሆኖ የቀረ ነው።

የጥንት ሰዎች ባልጩትን እየጠረቡ መሣሪያ ያደርጉት እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እንግዲያስ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ድንጋዩ የሰው እጅ የጠረበው መሆኑን ከቅርጹ ለይተን ዐወቅን እንበል፤ ነገር ግን ያ ሰው ምን ሠራበት? ሥጋ ቈረጠበት? ቆዳ ፋቀበት? እንጨት ላገበት? ወይስ በዘንግ ጫፍ አስሮ አውሬ ወጋበት?

(አጭር ዕረፍት)

መልሱን ከቅርጹ ብቻ የምንፈልግ ከሆነ እንስታለን። ሹል የሆነ ሁሉ የጦር ጫፍ አይደለም፤ ሰፊ የሆነም ሁሉ መፋቂያ አይደለም። ጠራቢው ለአንድ ነገር ብሎ ያበጀውን ለሌላ ነገር ሊያውለው ይችላል፤ ይህንንም በየቤታችን ካለው ቢላዋ እንማረዋለን።

የሥነ ቅርስ ሊቃውንት የደረሱበት መንገድ ሌላ ነው። ሥራ በመሣሪያው ገጽ ላይ ምልክት ይተዋል። ደግሜ እላለሁ፤ ሥራ በመሣሪያው ገጽ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለዐይን የማይታይ ረቂቅ ቢሆንም በአጉሊ መነጽር ይነበባል።

እንዴት ይነበባል? መርማሪው ድንጋዩን ከአጉሊ መነጽሩ ሥር አኑሮ፣ ብርሃኑን በጎን በኩል እያጋደለ፣ የስለቱን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ በትዕግሥት ይከተላል። ጥቃቅኑ ጭረት ከስለቱ ጋራ ጎን ለጎን የሚሄድ ሆኖ ከተገኘ መሣሪያው ሲቈርጥ ወይም ሲገዘግዝ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ጭረቱ ከስለቱ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ከሆነ ግን ሲፍቅ ነበር ማለት ነው። ቆዳ ላይ የዋለ ስለት ሹልነቱ ጠፍቶ ይድቦለቦላል፤ ገጹም ደብዘዝ ያለ ወዘና ይይዛል። አጥንት የነካው ደግሞ ይሸራረፋል። በሌሎች አገሮች የተገኙት የጥንት የድንጋይ ማጭዶች፣ በእህልና በሣር አገዳ ውስጥ ያለው ሲሊካ የተባለው የአሸዋ ባሕርይ ስለቱን እያሸው ስለ ኖረ፣ በዐይን እንኳ የሚታይ ብሩህ ወዘና አላቸው።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ)

ይህን ትምህርት በሥርዐት ያቋቋመው ሰርጌይ ሰሚዮኖቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ ነው። በሌኒንግራድ ተቀምጦ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲመረምር ቈይቶ፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1957 መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1964 ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ በኋላም ትምህርቱ በዓለም ተሰማ።

ሆኖም ተጠራጣሪዎች አልጠፉም። እንዲህ ያለው ንባብ በእውነት ንባብ ነው ወይስ ግምት? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነበርና በ1977 ሁለት ሰዎች እንዲህ አድርገው ፈተኑት። ማርክ ኒውካመር የተባለው ሊቅ የድንጋይ መሣሪያዎች ጠርቦ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ካዋላቸው በኋላ፣ ምን እንደ ሠራባቸው ሳይናገር ሎረንስ ኪሊ ለተባለው ተመራማሪ ሰጠው። ኪሊም በአጉሊ መነጽር ብቻ እየተመለከተ፣ የትኛው ጠርዝ እንደ ሠራ፣ በምን አኳኋን እንደ ተንቀሳቀሰ፣ ምን ዓይነት ነገርም እንደ ነካ ተናገረ። በአብዛኛው ልክ ሆነ፤ በጥቂቱም ተሳሳተ። ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው የተነካውን ነገር ዓይነት መለየት ነበር። እኔ ይህን ፈተና የማከብረው ከትክክለኞቹ መልሶች የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቶቹም ከትክክሉ ጋራ አብረው ታትመው ለዓለም ስለ ቀረቡ ጭምር ነው።

እንግዲህ ይህ ትምህርት በማነጻጸር ላይ የቆመ መሆኑን ልብ በሉ። የጥንቱን ምልክት ለመተርጐም፣ ሥራው የታወቀ የዛሬ ምልክት ያስፈልጋል። የዛሬው ምልክት ከየት ይመጣል?

(ዕረፍት)

እዚህ ላይ አገራችን ለዓለም የዋለችው ውለታ አለ። በሐዲያና በጉራጌ፣ በጋሞና በኮንሶ፣ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ባለ ሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ቈይተዋል። ድንጋዩን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ራሳቸው ይጠርባሉ፤ ብዙዎቹ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ያጣብቁታል፤ ስለቱ ሲደነዝዝም በጥቂት ምት ያድሱታል። በኮንሶ ይህን ሙያ የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ድንጋይ መጥረብ የወንድ ሥራ ብቻ ነው እያሉ ይጽፉ የነበሩት የውጭ ሊቃውንትም ሐሳባቸውን እንዲመረምሩ ያስገደዷቸው እነዚህ የኮንሶ እናቶች ናቸው።

ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን አርተር የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ከእነዚህ ባለ ሙያዎች ዘንድ ተቀምጠው ተምረዋል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዮናታን ሣህሌም ከባልደረቦቹ ጋራ በሐዲያ የባልጩት መፋቂያ በአገልግሎት ብዛት እንዴት እያነሰ እንደሚሄድ አጥንቶ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2012 አሳትሟል። የመፋቂያው ታሪክ ሁሉ በተመልካች ፊት የተፈጸመ ነውና፣ እንዲህ ያለው ድንጋይ ለመርማሪው ከወርቅ ይበልጥበታል።

እዚህ ጥቂት እንድቈይ ፍቀዱልኝ። እነዚህ ባለ ሙያዎች በየአካባቢያቸው ሲናቁ፣ ከማኅበር ሲለዩ፣ ጋብቻም ሲከለከሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ፕሮፌሰሮች ግን ውቅያኖስ ተሻግረው መጥተው በእነርሱ ደጃፍ ለትምህርት ተቀምጠዋል። በሠፈራችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ የሙያቸውን ነገር ጠይቋቸው፤ ልጆቻቸው ሙያውን እየተዉት ነውና።

(ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ይወጣል)

አሁን ወደ ቅርባችን እንመለስ። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ የጥንት ታላቅ የእሳተ ገሞራ አፍ ፈርሶ በቀረው ጠርዝ ላይ፣ ጋደሞታ የሚባል ረጅም ኮረብታ አለ፤ አጠገቡም ቁልቁለቲ የተባለው ስፍራ ይገኛል። ከአዳሚ ቱሉ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ኮረብታውን በየጊዜው ያዩታል። የባልጩት ዐለት በዚያው እንደ ልብ ስለሚገኝ፣ የጥንቶቹ ጠራቢዎች ለድንጋይ ብለው ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለጋቸውም።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሬድ ዌንዶርፍ የተባለው አሜሪካዊና ሮሙዋልድ ሺልድ የተባለው ፖላንዳዊ በዚህ ስፍራ ቈፍረው፣ ከአፈሩ ውስጥ እጅግ ብዙ የባልጩት መሣሪያ አወጡ፤ የምርመራቸውንም ውጤት በ1974 በመጽሐፍ አሳተሙ። የመሣሪያዎቹ ዘመን የታወቀው ግን በኋላ ነው። በድንጋዮቹ ላይ የወደቀው የእሳተ ገሞራ አመድ አርጎን የተባለውን ጋዝ በመለካት ዕድሜን በሚያሰላው ዘዴ ሲመረመር፣ ዕድሜው ወደ 280,000 ዓመት የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። አመዱ የወደቀው ድንጋዮቹ ከተጣሉ በኋላ ነውና ድንጋዮቹ ከአመዱ ይቀድማሉ። የዚህን ዘመን ርዝመት ለመገመት፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው ጥንታዊ የሰው ቅሪት ቢያንስ የ233,000 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ማስታወስ ይበቃል፤ የጋደሞታው ጥንታዊ ንብርብር ከዚህ ቍጥር በላይ ነው።

ታዲያ ጋደሞታ ላይ ከተገኙት መካከል ሹል ሆነው የተጠረቡ አሉ። የጦር ጫፍ ናቸውን? የጦር ጫፍ ከሆኑስ፣ ያ ጦር በእጅ ተይዞ የሚወጋ ነበር ወይስ ከሩቅ የሚወረወር? ይህ ጥያቄ ትንሽ አይደለም። ጦር ይዞ ወደ ጐሽ መቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ከቀንዱ ርቆ ቆሞ መወርወር ሌላ ነገር ነው። መወርወር ክንድንና ዐይንን ያስተባብራል፤ ዘንጉን ማቃናት፣ ጫፉን በሙጫና በጅማት ማሰር፣ ክብደቱን ማመጣጠን ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስብ አእምሮ ሥራ ነው።

(ዕረፍት)

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2013 ዮናታን ሣህሌ፣ ካርል ሃችንግስ፣ ዴቪድ ብራውን፣ አጋዚ ነጋሽና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ለዚህ ጥያቄ ያቀረቡት መልስ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ንብርብር የተገኙት የጋደሞታ ሹሎች ከፊሎቹ፣ ተወርውረው የተሰበሩ የጦር ጫፎች ናቸው አሉ። ይህ ከሆነ፣ በዓለም ከታወቁት ባለ ድንጋይ ጫፍ ተወርዋሪ ጦሮች ሁሉ የቀደሙት ከዚህ ከእናንተ ሰፈር ወጡ ማለት ነው።

እንዴት ደረሱበት? በጥሞና አድምጡኝ፤ የዛሬው ትምህርት ልብ ይህ ነው።

ባልጩት ብርጭቆ ስለ ሆነ፣ ሲሰበር ስንጥቁ በውስጡ የሄደበትን ፍጥነት በገጹ ላይ ጽፎ ይተዋል። ስንጥቁ ወደ ፊት ሲሮጥ በድንጋዩ ውስጥ ካለ ጥቃቅን እንከን ጋራ ይጋጫል፤ ከዚያች ነጥብም ሁለት ቀጫጭን መስመሮች በግራና በቀኝ ተከፍለው ይወጣሉ። ማለዳ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ታንኳ ሲያልፍ ከኋላው በሁለት ወገን የሚከፈለውን የውሃ መስመር አይታችሁ እንደ ሆነ፣ መልኩ እንደዚያ ነው። በባልጩቱ ላይ ያሉት መስመሮች በመካከላቸው የያዙት ማዕዘን ሰፊ ከሆነ ስንጥቁ ዘገምተኛ ነበር፤ ማዕዘኑ ጠባብ ከሆነ ስንጥቁ ፈጣን ነበር። ሰፊ ማዕዘን፣ ዝግ ያለ ስንጥቅ፤ ጠባብ ማዕዘን፣ ፈጣን ስንጥቅ።

እንግዲህ ተመራማሪዎቹ በአጉሊ መነጽር እያዩ ማዕዘኑን ለኩ፤ ከማዕዘኑ የስንጥቁን ፍጥነት አሰሉ፤ ፍጥነቱንም አስቀድሞ በሙከራ ከታወቀው፣ በእጅ ሲወጋ ከሚሰበረውና ተወርውሮ ሲመታ ከሚሰበረው ድንጋይ ጋራ አስተያዩት። ከሹሎቹ ከፊሉ በእጅ ከመውጋት ከሚገኘው ፍጥነት በላይ የተሰበሩ ሆነው አገኟቸው።

(ሙዚቃ፤ ለአፍታ)

ነገሩ በዚህ ተፈጸመ? አልተፈጸመም፤ ባይፈጸምም አንዘን።

የቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ መምህራን አንድን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሲሰጡት የሰማችሁ ታውቃላችሁ። በጋደሞታ ድንጋይ ላይም የሆነው እንዲሁ ነው። አንድም፣ በሹሉ ጫፍ ላይ ያለው ስብራት ጦሩ ተወርውሮ አውሬውን ወይም መሬቱን ሲመታ የተፈጠረ ነው። አንድም፣ ካትያ ዱዝና አን ዴላኝ የተባሉት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ በጫፉ ላይ ከሚገኙት ስብራቶች ብዙዎቹ ጠራቢው ጫፉን ለማደስ ወይም ለማበጀት አስቦ በአንድ ምት ያነሣቸው ናቸው። ጠራቢ በድንጋይ መዶሻ ሲመታም ስንጥቁ ፈጣን ሊሆን ይችላልና፣ ፍጥነቱ ብቻውን መወርወርን አያስረግጥም።

ቪርል ሮትስና ዩግ ፕሊሶን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2014 ስለ ዘዴው ራሱ ጽፈው አስጠነቀቁ። ምክራቸው ባጭሩ አንድ ምልክት ብቻውን ለፍርድ አይበቃም የሚል ነው፤ ስብራቱ፣ ጭረቱ፣ በእጀታው ላይ ታስሮ የነበረበት ቦታ መታሸቱ፣ የሙጫው ቅሪት፣ ይህ ሁሉ ባንድነት ሲመሰክር ነው ድንጋዩ ጦር ነበር የሚባለው። ዮናታን ሣህሌና ዴቪድ ብራውንም ለዱዝና ለዴላኝ መልስ ጽፈዋል፤ ክርክሩም ቀጥሏል።

የእኔን አስተያየት የሚሻ አድማጭ ካለ እነሆ። የ2013ቱ ጥናት ታላቅ ሥራ መሆኑን አምናለሁ፤ ዓለም ዐይኑን ወደ ጋደሞታ እንዲመልስ፣ ስንጥቅም ራሱ ምስክር ሊሆን እንደሚችል እንዲያስብ አድርጓል። ነገር ግን የሮትስና የፕሊሶን ምክር የሚረታ ይመስለኛል፤ የሦስት መቶ ሺህ ዓመት ያህል ነገር በአንድ ምስክር አይጸናም። ፍርዱን የሚሰጡት ምልክታቸው ሳይጠፋ ወደፊት የሚወጡ ድንጋዮች ናቸው።

(ዕረፍት)

ምልክቱ እንዴት ይጠፋል? የባልጩት ገጽ በቀላሉ የሚጫር ነው፤ ለመርማሪው ደግ የሆነው ይኸው ጠባዩ ለጠላትም በሩን ይከፍታል። ከብት ሲረግጠው ይሸራረፋል። የስምጥ ሸለቆው ነፋስ የሚያዘንበው አሸዋ ያሸዋል። ማረሻ ሲነካው የብረት መሥመር ይተውበታል። ይህ ሁሉ ከሰው ፈቃድ ውጭ ነው፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቅን ልብ ያለው ሰው ያጠፋዋል።

እንዴት ቢሉ፣ አንድ ልጅ ቆንጆ ባልጩት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? በሸሚዙ ይወለውለዋል፤ በኪሱ ከሳንቲምና ከሌላ ድንጋይ ጋራ ይጨምረዋል፤ ቤት ሲደርስ በአመድና በገለባ ፈትጎ ያጥበዋል፤ ለጓደኛውም ሲያሳይ ስለቱን በቀንበጥ ላይ ይሞክረዋል። በዚያች አንዲት ቀን የልጁ ኪስ ከጥንቱ አዳኝ ይልቅ ብዙ ጽፎበታል። ከዚያ ወዲያ አጉሊ መነጽር ያለው ሊቅ ቢመጣ የሚያነበው የልጁን ነገር እንጂ የጥንቱን ሰው ነገር አይደለም። የቀድሞ ዘመን ቈፋሪዎችም ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ ድንጋዮቹን በብረት ወንፊት ነፍተው፣ በብሩሽ ፈትገው፣ ባንድ ከረጢት አጭቀው ይወስዱ ነበር። የዛሬው ሥርዐት እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው በከረጢት ማኖር ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ስፍራውን መሳት ነው። ድንጋዩ የነበረበት ንብርብር ካልታወቀ፣ ምልክቱ ቢነበብ እንኳ የየትኛው ዘመን ሥራ እንደ ሆነ አይታወቅም። በአካባቢያችን መንገድ እየተቈፈረ፣ የአበባ እርሻ እየተስፋፋ፣ አሸዋና ገለባ ድንጋይ እየወጣ መሆኑን ሁላችሁም ታያላችሁ፤ ሥራው የሕዝብ እንጀራ ነውና አይቁም፤ ነገር ግን ከሥር ያለውን ሳያዩ መቈፈር እጅግ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ባልጩት ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ የሚሻለው ካለበት ሳያነሡ ቦታውን ምልክት አድርጎ ማስታወስ፣ ወይም ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 209፣ ማንም ሰው ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቈፍር ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ቢያገኝ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ለገበሬውና ለእረኛው የሚቀርበው የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ ነገሩን ለእነርሱ ቢነግር ያደርሱለታል።

ከዚህ በፊት አንሥታችሁ በቤታችሁ ያኖራችሁትስ? አትጠቡት፤ በቅባት አትወልውሉት፤ ከሌላው ጋራ አታጋጩት። አንዱን ባንድ ለስላሳ ወረቀት ጠቅልሉት፤ በወረቀቱም ላይ ከየትኛው ማሳ ወይም ቦረቦር፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም መንገድ አጠገብ እንዳነሣችሁት ጻፉበት፤ መጻፍ የማይችል ከልጆቹ አንዱን ያስጽፍ። ከዚያም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውሰዱት።

ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች በደብዳቤም በስልክም ብታቀርቡልን በሚመጣው ሳምንት እንመልሳለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል፤ ይጠፋል)